ኮክ በበርበሬ

እስከ ዛሬ ድረስ ኮክ ሳይ ደሜ ይፈላል። ገበያ መሀል ቆሜ ያንን ጸጉራም ቆዳውን እያየሁ ሻጯን ያለ ጥፋቷ ገላምጬ አልፋለሁ። አንዷ እንዲያውም «ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?» ስላለችኝ ብቻ ተጣልተን ገበያተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ነው የገላገለን። ገበያተኛው ሁሉ ስል ሁለት ሰው ነው። ሁለቱም ግን ጉልበተኞች ነበሩ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የከተማችንን ትልቁን ኬክ ቤት ለአምስት ወር ያህል ያስተዳደርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አትሳቁ። ባለቤቱ ሌላ ሰው፣ ጋጋሪዋ እናቴ፤ ግን ከዚያ ኩሽና አንድም ኬክ በእኔ ምላስ ላይ ሳያልፍ የመንገዱን ፀሐይ አላየም። ምላሴ ደግሞ እንዴት ያለ ምላስ መሰላችሁ! ቅቤ ስቀምስ ላሟ ጠዋት ምን እንደበላች፣ ማታ ከማን ጋር እንደተጣላች እነግራችሁ ነበር።

በዚያ ቤት አንድ የማይሻር ደንብ ነበር። ትሪው ከምድጃ ሲወጣ የመጀመሪያውን ቁራሽ የሚቀምሰው ባለቤቱ ሳይሆን ጋጋሪው ነው። ባለቤቱ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ጋጋሪው ቆርሶ ያኝካል፤ ይውጣል፤ ከዚያ «ይውጣ» ይላል። ጋጋሪው «ይውጣ» ካላለ ትሪው ንቅንቅ አይልም። እናቴ ይህን ቃል በየቀኑ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት፣ አንድም ቀን ሳትሳሳት ብላዋለች።

ባለቤቱን «ጋሼ ከረሜላ» ነበር የምለው። ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ፣ ድምፁ እንደ ቀለጠ ቅቤ የሚፈስ ሰው ነበር። ባየኝ ቁጥር እጁን ኪሱ ይከትና አንድ ከረሜላ ያወጣልኛል። አባቴን አላውቀውም፤ ስለዚህ ማንንም ሳላማክር፣ እሱንም ሳልጠይቅ፣ በልቤ አባት አድርጌ ሾሜው ነበር። ያቺን ልጅ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛት ጆሮዋን ጠምዝዤ ነበር የምጠይቃት፦ «አንቺ ቂል፣ በአንድ ከረሜላ?»

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ አልጋ ላይ ተኝታለች። ጭንቅላቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ የትልቅ ሊጥ ድቡልቡል መስሏል። አጠገቧ የቆመችው እትዬ ዱቄት ነበረች፤ ኬክ ቤቱ ውስጥ ሊጥ የምታቦካ፣ ቅንድቧ ሳይቀር ዓመቱን ሙሉ ነጭ የሆነች ሴትዮ።

«ምን ሆና ነው?» አልኩ።

«ወድቄ ነው» አለች እናቴ።

«ወድቆባት ነው» አለች እትዬ ዱቄት።

«እትዬ፣ ተዪ» አለች እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች። እትዬ ዱቄትም ተወችው። ማን ወደቀ፣ ምን ወደቀ የሚለው እኔን አላሳሰበኝም። ለሦስት ሳምንት ትምህርት ቤት «እናቴ ከሰማይ ወድቃ ተረፈች» እያልኩ ከበሬታ ስሰበስብ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ከረሜላ ራሱ መጣ፤ ያውም ሙሉ ሣጥን ኮክ አሸክሞ። እንዲህ ያለ ነገር ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ሣጥኑ መሬት ላይ ሲቀመጥ ክፍሉ ሁሉ በኮኩ መዓዛ ተሞላ፤ እኔ ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆኖ ሣጥኑን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ አልጋው አቃሰተ። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«እህቴ» አላት በዚያ በቀለጠ ቅቤ ድምፁ፣ «ይሄ ለሁላችንም የሚበጅ ነገር ነው። ለመዝገብ ያህል ነው እንጂ ሌላ አይምሰልሽ። የወደቅሽው ከደረጃ ላይ ነው፤ እቤትሽ። አይደል?»

እናቴ ግድግዳውን አየች።

እኔ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ አዋቂ አይደለሁ! «ጋሼ፣ እኛ ቤት እኮ ደረጃ የለም» አልኩት።

እትዬ ዱቄት በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር፤ አፏ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጋሼ ከረሜላ መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ይቺ ልጅ ጠበቃ ነው የምትሆነው! የጎረቤት ደረጃ ነዋ፣ የእኔ እመቤት» ብሎ ሁለት ከረሜላ ሰጠኝ። ሁለት!

«ጠበቃስ ያስፈልጋት ነበር» አለች እትዬ ዱቄት።

«አንቺ ሊጥሽ እንዳይኮመጥጥብሽ ብትሄጂ አይሻልም?»

እናቴ ፈረመች። እሱም ወረቀቱን አጥፎ፣ «ሥራሽ የትም አይሄድም፤ ይጠብቅሻል» ብሎ ብርድ ልብሷን አስተካክሎላት ወጣ። እንዴት ያለ ደግ ሰው! እናቴ ግን በሩ እንደተዘጋ እግሯን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ሣጥኑን ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። አንድ ፍሬ እንኳ አልቀመሰችም። እኔም እንዳልነካው ከለከለችኝ። ኮኩ እዚያው በሰበሰ፤ ቤቱ መግቢያ መውጫ እስኪያጣ ሸተተ፤ ዝንቡ ለብቻው መንደር መሠረተ። እሷ ላዩ ላይ ትተኛለች።

«እማዬ፣ ይሸታል!»

«ምኑ?» አለችኝ።

ኩራት ነው ብዬ ተናደድኩባት። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ስጦታ ያበሰብሳል? ለምን «እግዜር ይስጥልኝ» አትለውም? ሁለት ቀን አኩርፌ አላናገርኳትም። ደግሞ እኔ ሁለት ቀን አለመናገር ማለት ወንዝ ቆመ ማለት ነው።

ዛሬ ያ ወረቀት ምን እንደሚል አውቃለሁ። የኬክ ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ የዱቄት ጆንያ የሚደረደርበት መደርደሪያ ነበር፤ ብሎኖቹ ከላሉ ዓመት አልፏቸዋል። እትዬ ዱቄት ነግራዋለች፤ እናቴ ነግራዋለች። «ነገ አሠራዋለሁ» ይላል፤ ነገ የሚባለው ቀን ግን እሱ ጋ አይደርስም። መደርደሪያው አራት ጆንያ ይዞ እናቴ ላይ ወረደ። አራት ነው፤ እዚህ ላይ አንድም አልጨመርኩም። ወረቀቱም ሴትዮዋ የተጎዳችው በገዛ ቤቷ ስለሆነ ኬክ ቤቱን አይመለከተውም ይላል። አሳካሚ የለ፣ ካሳ የለ፣ በሦስት ሳምንት ተነስተሽ ሥራ ግቢ። አንድ ሣጥን ኮክ የሰው ጭንቅላት ዋጋ ሆነች።

ሌላም አለ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ሐኪም ቤት ወስጃት ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ጭንቅላት ክፉኛ ሲመታ ሽታን ከአፍንጫ ወደ አእምሮ የሚያደርሱት ቀጫጭን ክሮች ይበጠሳሉ። ሽታ ሲሄድ ጣዕምን ይዞት ይሄዳል። ምላስ ጣፋጩን ከጨው ይለያል፤ የሚያቃጥል ነገርም ያቃጥለዋል፤ ኮክን ኮክ፣ ቫኒላን ቫኒላ የሚያደርገው ነገር ግን የለም። ኬክ ቢያኝኩት ጣፋጭ ስፖንጅ ነው። እናቴ ከዚያ አልጋ የተነሳችው አፍንጫዋን ትራሱ ላይ ትታ ነው፤ ለማንም አልተናገረችም። ጋጋሪ ይህን የሚናገረው ለማን ነው?

እኔ ያወቅኩት ይህን ነው፦ ሥራ በተመለሰች በመጀመሪያው ቀን ወተት ጥዳ፣ ወተቱ አሮ፣ ኩሽናው በጭስ ተሞልቶ፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ እንቁላል ትመታለች። «እማዬ ተቃጠለ!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ ዱቄት በሊጥ እጇ ሮጣ አወረደችው። እናቴ ድስቱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ።

«ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤት ከመሄድሽ በፊት ከእኔ ጋር ትመጫለሽ» አለችኝ።

ሹመቴ በዚህ ተጀመረ። ጎህ ሲቀድ እዚያ ነኝ። በርጩማ ላይ እቆማለሁ፤ እናቴ ማንኪያ ታቀርብልኛለች።

«ምን ይላል?»

«ቅቤው ይናገራል። ቫኒላው ግን ተደብቋል።»

«የት ነው የተደበቀው?»

«እንቁላሉ ጀርባ።»

እናቴ ሳትስቅ፣ ፍጹም ሳትስቅ፣ ጥቂት ቫኒላ ትጨምራለች። «አሁንስ?»

«አሁን ብቅ አለ። ጫማውን ግን ገና አላደረገም።»

«እንዲያደርግ እንጠብቀዋ» ትላለች።

እትዬ ዱቄት ሊጧን እየደበደበች፣ «ወይ ጉድ! ሚኒስትር ቀጥረሻል እኮ» ትላለች። እኔም ይህን በሙሉ ልቤ አመንኩ። እንዲህ ያለ ምላስ ስላለኝ፣ እናቴ ደግሞ ስለሰነፈች፣ ሥራውን ለእኔ አስረከበችኝ ብዬ ደመደምኩ።

የሚያበሽቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጋሼ ከረሜላ ሲገባ እኔ ከበርጩማው ወርጄ ጥግ እይዛለሁ። እናቴ የመጀመሪያውን ቁራሽ ትቆርሳለች፤ ዓይኗን ጨፍና ታኝካለች፤ «ቫኒላው ዛሬ ከፍ ብሏል። ይውጣ» ትላለች። የእኔን ቃል! እሱም «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። ምላሱ የእኔ፣ ምርቃቱ የእሷ። ጥርሴን እየነከስኩ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር።

በአራተኛው ወር ጆሮ ደግፍ ያዘኝና ሁለት ቀን ቀረሁ። በእነዚያ ሁለት ቀናት የተበላሸ ቅቤ የገባበት ኬክ ወጣ። ደንበኞች ትሪ ሙሉ መለሱ፤ አንዷ ሴትዮ ባንኮኒው ላይ ወርውራው ሄደች አሉ። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ እኔ ከሌለሁ ቤቱ ይፈርሳል ማለት ነዋ! ጋሼ ከረሜላ ግን እናቴን በእኔ ፊት እንዲህ አላት፦

«የትልቁ ሆቴል ሰው ዓርብ ይመጣል። እንግዶቹ ከምግብ በኋላ የሚበሉትን ከእኛ ሊወስድ ነው። በኮክ የተሠራ፣ ማንም ቀምሶት የማያውቅ ነገር ይፈልጋል። ከወደደው በሥራሽ ትቀጥያለሽ። ካልወደደው፣ እህቴ፣ እኔ እንኳ ብታገስ ቤቱ አይታገስም።»

እናቴ «እሺ ጋሼ» አለች። እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። እጇ ላይ ምንም አልነበረም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ኩሽናው ሄድኩ። እናቴ ሦስት ዓይነት ሠርታ ጠብቃኛለች። አንዱን ቀመስኩ፣ ሁለተኛውን ቀመስኩ፣ ሦስተኛውን ቀመስኩ።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«ጥሩ ብቻ?»

«እንደ ሁልጊዜው ነው፣ እማዬ።»

ማንኪያውን ወርውራ ግድግዳውን መታችው። እናቴ ዕቃ ወርውራ አታውቅም። ከዚያ ዞር ብላ እትዬ ዱቄት ለምሳዋ ከምታመጣው ቋጠሮ ውስጥ ሁለት ዛላ ቀይ በርበሬ አንስታ ሙቀጫ ውስጥ ጨመረችና መውቀጥ ጀመረች። አወቃቀጧ እንደ ሰው መደብደብ ነበር። ዓይኗ ያለቅሳል፣ አፍንጫዋ ይፈስሳል፣ እሷ ትወቅጣለች።

«ምነው አንቺ ልጅ!» አለች እትዬ ዱቄት። «ኮክ ውስጥ? ምን ነካሽ? ሰውዬው ይገድልሻል!»

«ገድሎኝ የለ እንዴ» አለች እናቴ።

እኔ ቀዘቀዝኩ። በእኛ ቤት በርበሬ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስዋሽ ስትይዘኝ «አፍሽ ላይ በርበሬ ነው የማደርግልሽ!» ነበር የምትለኝ፤ አድርጋው ባታውቅም። በርበሬ ቅጣት ነው። እንግዲህ እናቴ ጋሼ ከረሜላን ልትቀጣው ነው! ያንን ደግ ሰው በሆቴሉ ሰው ፊት አፉን ልታቃጥለው፣ ልታዋርደው!

በርበሬውን በቅቤና በስኳር አቁላልታ፣ የተከተፈውን ኮክ ጨመረችበት፤ ቀዩ ከቢጫው ጋር ተዋሃደ። በማንኪያ ጨልፋ ቀመሰች። ቆመች። ማንኪያው አፏ ውስጥ እንዳለ ቆማ ቀረች። ከዚያ እንባዋ ወረደ፤ ሳቀችም፤ የእትዬ ዱቄትን ክንድ በሁለት እጇ ያዘች።

«አለ» አለች በሹክሹክታ። «እትዬ፣ አፌ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። መጀመሪያ ጣፋጩ ይመጣል፣ ከዚያ እሱ ከኋላ ይደርሳል። የት እንዳለ አውቃለሁ። ሲበዛም ሲያንስም አውቃለሁ።»

እትዬ ዱቄት ቀመሰች። ነጭ ቅንድቧ ወደ ላይ ተሰቀለ። «ወይኔ ልጄ» አለች። ደግማ ጨለፈች።

እናቴ ያን ቀን የተወሰደባት ነገር እንደገና ተሰጣት። በአምስት ወር ውስጥ ያገኘችው የመጀመሪያ ጣዕም ነው፤ የራሷ፣ ከማንም ያልተዋሰችው። ይህን ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ ያየሁት ሌላ ነው፦ እናቴ እኔን ሳታስቀምሰኝ ቀረች። እዚያው ቆሜ፣ ምላሴን አዘጋጅቼ እየጠበቅኩ ሳለ፣ «ለልጅ ያቃጥላል» ብላ አሳለፈችኝ። ከሹመቴ ተሻርኩ! ያለ ማስጠንቀቂያ! ሌሊቱን ተናድጄ አደርኩ።

ዓርብ ጠዋት ኬኩ ምድጃ ውስጥ እያለ ከኩሽና ሾልኬ ወጣሁ። ጋሼ ከረሜላ አዲስ ከረባት አስሮ የመንገዱን መስኮት ይወለውላል።

«ጋሼ፣ እንዳትበላው።»

«ምኑን፣ የእኔ እመቤት?»

«የኮኩን ኬክ። እማዬ በርበሬ አድርጋበታለች።»

ሳቀ። «ተሳስታ ይሆናላ።»

«እሷ አትሳሳትም። እኔ እያለሁ እንዴት ትሳሳታለች?»

እጁ መስኮቱ ላይ ቆመ። «አንቺ እያለሽ?»

እዚህ ላይ ብትገድሉኝ ይሻለኛል። ኪሱ ገባ፤ ከረሜላ አወጣ። «እስቲ ቁጭ በይና ንገሪኝ።» ማንም በዚያ ድምፅ «እስቲ ንገሪኝ» ብሎኝ አያውቅም። ነገርኩት። ሁልጊዜ የምቀምሰው እኔ ነኝ። እሷ ስታኝክ እንኳ አታውቅም። ወተት ሲያር አይሸታትም። የበሰበሰ ኮክ ላይ ተኝታ ምንም አልሸተታትም። «ይውጣ» የምትለው እኔ ከነገርኳት በኋላ ነው። አንድ ከረሜላ፣ ሁለት፣ ከዚያ ሙሉ እፍኝ። እኔ በሕይወቴ ሙሉ አንድ ነገር ሳልጨምርበት ተናግሬ አላውቅም፤ ጉንፋኔን ሳንባ ምች፣ ጎረቤቴን ባለሥልጣን ነው የማደርገው። የዚያን ቀን ግን አንድ ቃል አላጋነንኩም። አንድም! እንደነበረ፣ ልክ እንደነበረ ነገርኩት።

እጄን ይዞ ወደ ኩሽና ገባ። ኬኩ ከምድጃ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጠርዙ ወርቅ፣ መሀሉ የጀንበር መጥለቂያ።

«ዛሬ ደስ ብሎኛል» አለ። «ሰውዬው እስኪመጣ ትንሽ እንጫወት። እህቴ፣ ዓይንሽን ልሸፍንሽ?»

እናቴ እኔን አየችኝ፤ ጉንጬ በከረሜላ ተወጥሯል። «ምን ጨዋታ ነው ጋሼ?»

«የጋጋሪ ጨዋታ ነዋ!» ብሎ ንጹሕ ፎጣ አንስቶ አሰረላት።

ከመደርደሪያው የቫኒላውን ጠርሙስ አወረደ። ቡሹን ሲነቅለው «ጧ» አለ። ማንኪያ ላይ አንጠባጥቦ አፍንጫዋ ሥር አደረገላት።

«ቫኒላ» አለች እናቴ ወዲያው። ብልህ ናት፤ የቡሹን ድምፅ ሰምታለች። እሱ ግን ከእሷ ይልቅ ተንኮለኛ ነበር፤ ፈገግ አለ።

ከዚያ ጥግ ከተቀመጠው የቆሻሻ ባልዲ ውስጥ የከረመ ቅቤ በቢላ ጫፍ አንስቶ አቀረበላት። እኔ አፍንጫዬን ያዝኩ። እትዬ ዱቄት ፊቷን አዞረች። የቢላው ጫፍ ከንፈሯን ሲነካት ቅባቱን አወቀችው።

«ቅቤ ነው።»

«ደህና ነው?»

እናቴ ከንፈሯን ላሰች። «ደህና ቅቤ ነው» አለች።

«በቃህ!» ብላ እትዬ ዱቄት ጮኸች። እሱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዓይኑን አጉረጠረጠባት። ከዚያ ጠርሙሱን እንደገና አነሳ፣ ቡሹን ነቀለ፣ «ጧ» አለ፤ ጠርሙሱን መልሶ አስቀመጠና ባዶ ማንኪያ፣ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ባዶ ማንኪያ፣ አፍንጫዋ ሥር ያዘ።

እናቴ በረጅሙ ሳበች። ደረቷ ተነፋ። ፊቷ ላይ ምን ያህል እንደምትጥር ይታይ ነበር።

«ቫኒላ» አለች።

እኔ ሳቅኩ። ጨዋታ ነው ተብሎ የለ? በጣም የሚያስቅ ነበር። ከረሜላው ከአፌ እስኪወድቅ ነው የሳቅኩት።

እናቴ ፎጣውን ራሷ ፈታችው። ማንኪያውን አየች።

«ጤናሽን ተንከባከቢ፣ እህቴ» አለ ጋሼ ከረሜላ። «የማያሸት አፍንጫ ኬክ ቤት ምን ይሠራል? ከደረጃ የወደቀ ሰው ማረፍ አለበት።»

«የትኛው ደረጃ?» አለች እናቴ።

አሥራ አንድ ዓመት «እርስዎ» ያለችውን ሰው ፊት ለፊት ቆመች።

«የትኛው ደረጃ ነው? ና አሳየኝ! ና ቤቴ ድረስ እንሂድና አሳየኝ!»

«ፈርመሻል» አለ። ድምፁ ላይ ቅቤ አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራሁት።

እናቴ ሽርጧን አወለቀች። አጠፈችው፤ አራት ቦታ። ቢላውን አንስታ የኮኩን ኬክ ቆረሰች፣ አኘከች፣ ዋጠች። «ይውጣ» አለችና እጄን ጨምድዳ ይዛኝ ወጣች።

የሆቴሉ ሰው መጥቶ ሦስት ቁራሽ በላ፤ አራተኛውን በወረቀት አስጠቅልሎ ወሰደ። ይህን የነገረችን እትዬ ዱቄት ናት፤ በሳምንቱ እሷም ለቀቀች። ያ ኬክ «የቤታችን ልዩ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ሃያ ዓመት ሙሉ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። ሰልፉ ሦስት መንገድ ይዞር ነበር ልላችሁ እችላለሁ፤ አንዱን መንገድ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውዬው ደግሞ ለእያንዳንዱ ኬክ ቤትና ዳቦ ቤት «አፍንጫ የሌላት» ብሎ አስወራባት። እናቴ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የምግብ ቤት ሳህን አጠበች። ሳህን ለማጠብ አፍንጫ አያስፈልግም።

እሱ በሰላም አረጀ፣ በሰላም ሞተ፤ ይህ ራሱ ያንገበግበኛል። እኔ ዛሬ የፍራሽ ሻጭ ነኝ፤ ከእኔ የገዛ ሰው ቅዠት የሚባል ነገር አያውቅም። ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ካለ ጠረጴዛ እየደበደብኩ እሰድበዋለሁ፤ አንዱን መደርደሪያ አሥር፣ አራቱን ጆንያ አርባ አደርገዋለሁ። ምን ያህል ብጨምርበት አይበቃኝም።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ እናቴ ጋ ተቀምጬ ነበር። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እኔ ሰውዬውን እየሰደብኩ ነበር። ድንገት ከአፌ አመለጠኝ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ያን ቀን ለሰውዬው የነገርኩት እኔ ነኝ።»

መክተፏን አላቆመችም። «አውቃለሁ። ሌላ ማን ነበረ?»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ስምንት ዓመትሽ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ያወራል።»

አርባ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ወረደ፤ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? ወዲያው አመሌ መጣ። «ለነገሩ እኮ» አልኩ፣ «እኔ ባልነግረውም ያውቀው ነበር። እንዲያውም እኔ ነኝ አምስት ወር ያቆየሁሽ! እኔ ባልኖር ኖሮ…»

ቢላውን አስቀመጠች።

«ስትስቂ ሰምቼሻለሁ» አለች።

«እ?»

«ፎጣው የታሰረው ዓይኔ ላይ ነው፤ ጆሮዬ ላይ አይደለም። ‹ቫኒላ› አልኩ፤ አንቺ ሳቅሽ። ማንኪያው ባዶ መሆኑን ያወቅኩት በአንቺ ሳቅ ነው።» እናቴን እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም፤ ለእሱ እንኳ እንዲህ አልተቆጣችም። «ነገርሽው፤ ይሁን። ልጅ ነሽ። እሱ ቢስቅ ምን ገዶኝ! አንቺ ግን ልጄ ነሽ፤ ሳቅሽብኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ይህን ነገር ስታወሪ አፍሽ ላይ ሰምቼው አላውቅም። መደርደሪያውን ታወሪያለሽ፣ ጆንያውን ታወሪያለሽ። በይ እስቲ አሁን አውሪው። እንደ ልማድሽ ጨምሪበት።»

አፌን ከፈትኩ። የምጨምርበት አጣሁ።